ሳይቃጠል በቅጠል፤ የቤት ውስጥ መሮጫ መኪና አጠባበቅና የሻጩ ድርሻ

አንድ ዕቃ ተሽጦ ከመደብሩ ደጃፍ ሲወጣ የንግዱ ጉዳይ የተፈጸመ የሚመስላቸው ነጋዴዎች ጥቂቶች አይደሉም። ለጨርቅና ለስኳር ይህ አስተያየት ይሠራ ይሆናል። ሞተርና የኤሌክትሪክ ገመድ ላለው ዕቃ ግን ሽያጩ የሚፈተነው ገንዘቡ ከተቆጠረ፣ ደረሰኙም ከተቆረጠ በኋላ መሆኑን በሥራው ዕድሜያቸውን ያሳለፉ ሁሉ ያውቁታል። ዛሬ የሚቀርበው ጽሑፍ በየከተማው መኖሪያ ቤቶች እየገባ ስላለው፣ በተለምዶ ትሬድሚል ስለሚባለው የመሮጫ መኪና ነው። የተጻፈበትም ምክንያት የስፖርትን ጥቅም ለመስበክ አይደለም፤ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ዕቃ በአቧራና በዘይት እጦት ያለ ዕድሜው እንዳይበላሽ፣ የነጋዴውም መልካም ስም አብሮት እንዳይጠፋ ለማሳሰብ ነው።

«ማን ነግሮኝ!»

በአንድ የስፖርት ዕቃ መደብር የደረሰው ነገር ለብዙ አንባብያን እንግዳ አይሆንም። የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት ወይዘሮ ሐኪማቸው በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንዲራመዱ አዘዛቸው። የመንገዱን ትርምስ ስለ ፈሩ ልጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው አንድ የመሮጫ መኪና ገዙላቸው። ስምንት ወር ሳይሞላው መኪናው በእግራቸው ሥር ይይዝ ይለቅ ጀመር፤ ቆየት ብሎም የተቃጠለ ነገር ሸተተና ጨርሶ ቆመ። ወይዘሮዋ ከልጃቸው ጋር ወደ መደብሩ መጡ።

«ጋሼ፣ ዓመት ሳይሞላው እንዲህ የሚሆን ዕቃ ነው የሸጡልን?» ሲል ልጁ ጠየቀ።

ባለ መደብሩም ወደ እናቲቱ ዞረው፣ «እትዬ፣ ከቀበቶው ሥር ዘይት አድርገውለት ያውቃሉ?» አሏቸው።

«ዘይት? ማን ነግሮኝ!» አሉ ወይዘሮዋ።

ተጠርቶ የመጣው መካኒክ የሞተሩን ክዳን ሲከፍት አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተደርቦ ተገኘ። ቀበቶው የሚንሸራተትበት ሳንቃ ደርቋል፤ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው የኤሌክትሪክ ቦርድም ጠቁሯል። ተለዋጭ ቦርድ በከተማው ተፈልጎ ስላልተገኘ ከውጭ አገር መታዘዝ ነበረበት። እስኪመጣም ድረስ መኪናው ልብስ መስቀያ ሆኖ ወራት አለፉ፤ ወይዘሮዋም መራመዳቸውን ተዉ።

በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ ጉድለት አልነበረበትም፤ ገዢዋም ያልተነገራቸውን ሊያውቁ አይችሉም። ጥፋቱ የተሠራው በሽያጩ ዕለት ነው፤ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ቃል ሳይነገር ስለ ቀረ።

ከወኅኒ ቤት ወደ መኖሪያ ቤት

የዚህ መኪና ታሪክ የሚያስገርም ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1818 እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ኪዩቢት እስረኞች እየረገጡ የሚያሽከረክሩት ትልቅ መንኰራኵር ለወኅኒ ቤቶች አቀደ። መንኰራኵሩ በአንዳንድ ስፍራ እህል ይፈጭ ነበር፤ በሌላው ግን ለቅጣት ብቻ ይዞር ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ መሣሪያው በኤሌክትሪክ ሞተር ተለውጦ ወደ ሐኪም ቤት ገባ። በ1963 አሜሪካዊው የልብ ሐኪም ሮበርት ብሩስ ሕመምተኛው በየሦስት ደቂቃው ፍጥነቱና ዳገቱ በሚጨምር መኪና ላይ እየተራመደ ልቡ የሚመረመርበትን ሥርዓት አሳተመ፤ ሥርዓቱም እስከ ዛሬ ድረስ በስሙ ይጠራል። በ1968 ደግሞ ዶክተር ኬኔት ኩፐር ስለ ሩጫና ስለ ልብ ጤንነት የጻፈውን መጽሐፍ ያነበበው መሐንዲስ ዊልያም ስታውብ ለተራ ሰው ቤት የሚሆን፣ ዋጋውም የማይከብድ መኪና ሠርቶ ለገበያ አቀረበ።

ከዚህ ታሪክ ለነጋዴ የሚጠቅመው አንድ ነጥብ አለ። መኪናው በሐኪም ቤት ሳለ የሚጠብቀው ባለሙያ ነበረው። ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባ ግን ጠባቂው ቀረ፤ ጠባቂነቱ በገዢው ላይ ወደቀ። ገዢውም ይህን ኀላፊነት መረከቡን የሚያውቀው ሻጩ ከነገረው ብቻ ነው።

ዕቃው በምን ይሞታል?

የመኪናው አሠራር እንግዳ ነገር የለበትም። ከፊት የተቀመጠው ሞተር በአነስተኛ ቺንጋ አማካይነት የፊተኛውን በርሜል ያሽከረክራል፤ በርሜሉም ሰፊውን የመሮጫ ቀበቶ ይጎትታል። ቀበቶው የሚንሸራተተው በእንጨት ሳንቃ ላይ ነው። ሰው እግሩን ባሳረፈ ቁጥር የሰውነቱ ክብደት ቀበቶውን ከሳንቃው ጋር ያጣብቀዋል፤ ሞተሩም ያንን ማጣበቅ እያሸነፈ መጎተት አለበት።

በቀበቶውና በሳንቃው መካከል ስስ የዘይት ሽፋን ካለ ሥራው ይቀላል። ዘይቱ ሲደርቅ ግን ፍትጊያው ይበዛል፤ ሞተሩም ከኤሌክትሪኩ መስመር ብዙ አምፔር ይስባል። ብዙ አምፔር ማለት ብዙ ሙቀት ማለት ነው። ሙቀቱን መጀመሪያ የሚቀበለው የመቆጣጠሪያው ቦርድ ስለ ሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚቃጠለው እርሱ ነው። በአጭር ቃል፣ ጥቂት ዘይት ባለመፍሰሱ ምክንያት የመኪናው ውድ ክፍል ይሞታል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በዚህ ላይ አቧራ ይጨመራል። በአገራችን በበጋው ወራት አቧራው መስኮት ቢዘጋም ይገባል። በቤት ውስጥም ለቡና የሚጎዘጎዘው ቄጠማ፣ የከሰሉ አመድ፣ የምንጣፉ ብናኝ ሁሉ ወደ መኪናው ሥር ይሳባል። ግማሹ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ሳንቃውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፤ ግማሹ ደግሞ በሞተሩ ክዳን ሥር ተከማችቶ የማቀዝቀዣውን አየር ያፍናል።

የአገራችን ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን መመዘኛ መሠረት የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበት የሚገመተው ከባሕር ወለል እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ባለ ስፍራ እንደሚሠራ ታስቦ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ ሞተርን የማቀዝቀዝ ኀይሉ ያንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር አቧራ ለብሶ የሚሠራ መኪና በደጋው ከተማ ተመሳሳይ ቸልታን አይችልም።

የጽዳቱና የጥገናው ሥርዓት

ከዚህ ቀጥሎ የተዘረዘረው ሥርዓት አዋቂ መካኒክ የማይጠይቅ፣ ማንኛውም ቤተሰብ ሊፈጽመው የሚችል ነው። ይሁን እንጂ ከዕቃው ጋር የመጣው የፋብሪካው መመሪያ የተለየ ነገር ካዘዘ መመሪያው ይቀድማል።

1ኛ፤ ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ። እጀታውንና የቁጥር ሰሌዳውን በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። ላብ ጨው ስላለው ብረቱን ያዝጋል፤ የሰሌዳውንም ቁልፎች ያበላሻል። ጨርቁ በውሃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና ርሶ በደንብ የተጨመቀ ይሁን። በረኪናና የመስታወት ማጽጃ ፈሳሽ አይነካውም። ውሃ በቀጥታ በመኪናው ላይ ፈጽሞ አይረጭም።

2ኛ፤ በየሳምንቱ። በቀበቶው ግራና ቀኝ ያለውን መረገጫና የመኪናውን ሥር መጥረግ ይገባል። መኪናው የሚቆምበት ወለል የተስተካከለ ይሁን፤ ከበታቹም ለዚሁ የተሠራ የጎማ ምንጣፍ ቢነጠፍ ጸጉራም ምንጣፍ ከሚያመጣው ብናኝ ያድናል። የሚሮጥበትም ጫማ ከውጭ ያልተረገጠበት፣ ለቤት ብቻ የተለየ ቢሆን ግማሹ ጽዳት ተፈጸመ ማለት ነው።

3ኛ፤ በየወሩ። ቀበቶው መሀል ለመሀል መሄዱን መመልከት ነው። ወደ አንድ ወገን ከተጠጋ መኪናው ሰው ሳይወጣበት በዝግታ እየዞረ፣ ከበስተኋላ ጫፍ ያለውን ብሎን በባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ ማስተካከል ይቻላል። ቀበቶው ወደ ቀኝ ከሄደ የቀኙ ብሎን ሰዓት ቈጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ ሩብ ዙር ይዞራል፤ ወደ ግራ ከሄደ የግራው እንዲሁ ይደረጋል። ከሩብ ዙር በላይ በአንድ ጊዜ ማዞር አይገባም። ከእያንዳንዱ ሩብ ዙር በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ታግሦ ውጤቱን ማየት ይሻላል። ይህ ሲደረግ ልብስ፣ ነጠላም ሆነ ጣት ወደሚዞረው በርሜል እንዳይጠጋ መጠንቀቅ ግድ ነው። ቀበቶው ከመጠን በላይ ከተወጠረ በርሜሉንና ሞተሩን ይጎዳል፤ ከላላም እግር ሲያርፍ ይንሸራተታል። መኪናው ቆሞ ሳለ ቀበቶው ከመካከሉ ላይ በእጅ ሲነሣ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካለ በብዙዎቹ መኪናዎች ደኅና ነው።

4ኛ፤ በየሦስት ወሩ። ዘይት የሚደረግበት ጊዜ ይህ ነው። ዕለት ዕለት በማይሮጥበት ቤት እስከ ስድስት ወር ሊቆይ ይችላል። መድረቁን ለማወቅ ሶኬቱን ነቅሎ እጅን ከቀበቶው ሥር አስገብቶ ሳንቃውን መዳሰስ ነው። ጣት ላይ የቅባት ስሜት ካልቀረ ጊዜው ደርሷል። የሚደረገው ንጹሕ የሲሊኮን ዘይት ብቻ ነው፤ መጠኑም በአብዛኛው ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ነው። ቀበቶውን በሁለቱም ወገን እያነሡ ዘይቱን በሳንቃው መካከለኛ ክፍል ላይ ማፍሰስ፣ ከዚያም መኪናውን ለጥቂት ደቂቃ በዝግታ ማሽከርከርና እየተራመዱ ማዳረስ ነው። የምግብ ዘይት፣ የመኪና ሞተር ዘይት፣ የስፌት መኪና ዘይትና ቫዝሊን እንደ ተተኪ አይቈጠሩም፤ ቀበቶውን ያበላሻሉ፣ አቧራም ይሰበስባሉ። አንዳንድ መኪናዎች ግን ሳንቃቸው በፋብሪካ በሰም የተቀባ ስለ ሆነ ዘይት አያስፈልጋቸውም፤ ይህን ለይቶ ለገዢው መንገር የሻጩ ሥራ ነው።

5ኛ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በአቧራማ ሰፈር በየሦስት ወሩ። የሞተሩን ክዳን ፈትቶ አቧራውን ማውጣት ነው። መጀመሪያ ሶኬቱ ከግድግዳው ይነቀላል። ከተነቀለም በኋላ ቦርዱ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ ቢያንስ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቦርዱም በጣት አይነካም። ከዚያ ክዳኑን በካቻቢቴ ፈትቶ አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ እያነሡ በአቧራ መሳቢያ መኪና መሳብ ነው። ድፍረቱ ለሌለው ሰው ይህን አንዱን ሥራ ለመካኒክ መተው ይሻላል።

የኤሌክትሪኩ ነገር

ከዘይትና ከአቧራ ቀጥሎ መኪናውን የሚገድለው ኤሌክትሪክ ነው። መኪናው የመሬት ሽቦ ባለው የግድግዳ ሶኬት ላይ ለብቻው ይሰካ። ምጣድ፣ ፍሪጅና ቴሌቪዥን በተሰኩበት ዲቫይደር ላይ መደረቡ ገመዱን ያግላል፤ ለመኪናውም የሚደርሰውን ኀይል ያሳንሳል። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ከተመለሰም በኋላ ኀይሉ እስኪረጋ ታግሦ መሰካት ቦርዱን ያተርፋል፤ ለመኪናው ጉልበት የሚበቃ ስታቢላይዘር ማኖርም የተሻለ ነው።

በዚህ ረገድ አንድ ነገር ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለወላጆቻቸው የሚልኩት መኪና በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ እንዲሠራ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። የአገራችን መስመር ግን 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና በቀጥታ መሰካት ማለት በዚያው ቅጽበት ማቃጠል ነው። 15 አምፔር የሚስብ መኪና በ120 ቮልት 1,800 ዋት ያህል ስለሚፈልግ፣ ለሬዲዮ የተገዛ ትንሽ ትራንስፎርመር አይሸከመውም። ከመላኩ በፊት በመኪናው ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ ጽሑፍ ማንበብ ብዙ ኪሳራ ያድናል።

ስለ ሕፃናት

ጥገናን በሚመለከት ጽሑፍ ውስጥ የሕፃናት ነገር ሊዘለል አይገባም። በፈረንጆች አቆጣጠር በግንቦት 2021 ፔሎተን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አንድ ሕፃን ከሞተና ሌሎችም ከተጎዱ በኋላ ትሬድ ፕላስ የተባለውን መኪናውን፣ ቍጥሩ ወደ 125,000 የሚደርስ፣ ከገዢዎች ለመሰብሰብ ተገዷል። የሚዞር ቀበቶ የሕፃን እጅ ወደ ኋለኛው በርሜል ሥር ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ከሩጫ በኋላ የደኅንነት ቁልፉ ተነቅሎ ሕፃን በማይደርስበት ይቀመጥ፤ ሶኬቱም ይነቀል። ይህች ቁልፍ በክር ከሯጩ ልብስ ጋር የምትያያዘው ሰውየው ቢወድቅ መኪናው ወዲያው እንዲቆም ነው። በመኪናው በስተኋላ ቢያንስ ሁለት ሜትር ባዶ ስፍራ ይተው፤ ግድግዳ ከኋላው ከተጠጋ የወደቀ ሰው መውጫ ያጣል።

አስመጪው ሲያዝ

እስካሁን የተባለው ለገዢው ነው። የአስመጪው ሥራ ግን የሚጀምረው ፕሮፎርማ በሚጠየቅበት ቀን ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር የሚያወጣው ዋጋ በእጅጉ ከፍ ብሏል። ያለ መለዋወጫ የመጣ መኪና ቢበላሽ ኪሳራው ከቀድሞው እጅግ የከበደ ነው።

ስለዚህ ከሻጩ ፋብሪካ የሚጠየቀው የመኪናው ዋጋ ብቻ መሆን የለበትም። በትእዛዙ ላይ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። የሞተሩ ጉልበት ሲነገር «ከፍተኛ» የሚባለው ነው ወይስ «ሳያቋርጥ የሚሠራበት» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ የመጀመሪያው ቍጥር ትልቅ ሆኖ ለማስታወቂያ ያምራል፣ ሥራውን የሚያሳየው ግን ሁለተኛው ነው። በዓለም አቀፉ መመዘኛ «ኤች» የሚለው ፊደል ለቤት አገልግሎት የተሠራውን ያመለክታል፤ «ኤስ» የሚለው ደግሞ ብዙ ሰው ለሚመላለስበት የስፖርት ቤት ነው። የቤቱን ዐይነት ለሆቴል የሸጠ ነጋዴ ክርክሩን በገዛ እጁ ገዛው ማለት ነው። የሚሸከመውም ክብደት በኪሎ ተጽፎ ይምጣ።

ከመኪናዎቹ ጋር በአንድ ጭነት የመቆጣጠሪያ ቦርድ፣ ቀበቶ፣ የሞተር ቺንጋ፣ የሞተር ካርቦን፣ የደኅንነት ቁልፍና የሲሊኮን ዘይት አብሮ ማዘዝ ብልኅነት ነው። ብዛቱን እያንዳንዱ ነጋዴ እንደ ገበያው ይወስናል፤ ነገር ግን ምንም መለዋወጫ ሳይዙ መኪና ብቻ መሸጥ ጫማ ያለ ክር እንደ መሸጥ ነው። ዘይቱም ራሱን የቻለ ሸቀጥ ነው። ገዢው በዓመት ጥቂት ጊዜ ለዘይት ወደ መደብሩ የሚመለስ ከሆነ፣ ዐይኑ በሌላውም ዕቃ ላይ ያርፋል፤ መኪናውም እንዴት እንዳለ ለመጠየቅ ምክንያት ይገኛል።

ሕጉም ቢሆን በዚሁ መንገድ ሄዷል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። በእንግሊዝኛ የታተመ ወፍራም መጽሐፍ ከሣጥኑ ውስጥ መገኘቱ እንግሊዝኛ ለማያነብ ሰው በቂ መረጃ ነው ለማለት ያስቸግራል።

አንዲት ገጽ ወረቀት

መፍትሔው ብዙ ወጪ የለበትም። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ በአማርኛ ስድስት መስመር መጻፍ ይበቃል፦ ላቡን ጥረጉ፤ በየሦስት ወሩ የሲሊኮን ዘይት አድርጉ፤ ሌላ ዘይት አታድርጉ፤ ለብቻው ባለ ሶኬት ላይ ሰኩ፤ መብራት ሲጠፋ ንቀሉ፤ ቁልፉን ከልጆች ሰውሩ። ከበታቹ የመደብሩ ስልክና የተሸጠበት ቀን ይጻፍ። ወረቀቱ በመኪናው እጀታ ላይ ታስሮ፣ አንድ ጠርሙስ ዘይትም ከዋጋው ጋር ታስቦ ይሰጥ። ዕቃውን የሚያደርሰው ሠራተኛ በገዢው ፊት አንድ ጊዜ ቀበቶውን አንሥቶ ዘይቱ የሚፈስበትን ስፍራ ያሳይ።

ከላይ ታሪካቸው የተነገረው ወይዘሮ በመጨረሻ ቦርዱ መጥቶላቸው መኪናቸው ተሠርቷል። ባለ መደብሩ የቦርዱን ዋጋ እኩል ተካፈሉ፤ ዘይቱንም ራሳቸው ይዘው ቤታቸው ድረስ ሄደው አሳዩአቸው። ከዚያም ቀን ጀምሮ ከመደብሩ የሚወጣ መኪና ሁሉ በእጀታው ላይ ወረቀት ታስሮበት ይወጣል። ወይዘሮዋ በየጥቂት ወሩ ዘይት ለመግዛት ብቅ ሲሉ ባለ መደብሩ አስቀድመው የሚጠይቋቸው ስለ መኪናው አይደለም።

«እትዬ፣ ስኳሩ እንዴት ነው?» ይሏቸዋል።

«እየተራመድሁ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ ወይዘሮዋ።